ያልወለቀው ባርኔጣ፤ ጥቁሩ ዘፋኝ ካውቦይና የጃዝ ድምፁ

እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1939 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ጥቁር ዘፋኝ ካውቦይ ጀግና ሆኖ የሚታይባቸው አራት ፊልሞች በአሜሪካ ተሠርተዋል። በአራቱም ውስጥ ዋናውን ሚና የተጫወተው ኸርብ ጄፍሪስ የተባለ የዲትሮይት ተወላጅ ድምፃዊ ነው። ፊልሞቹን በጥሞና የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። ጀግናው ይጋልባል፤ ይተኩሳል፤ በቡጢ ይደባደባል፤ ላፈቀራት ልጃገረድ ያዜማል፤ ባርኔጣው ግን ከራሱ ላይ አይወርድም። እርግጥ ነው፣ በነጮቹም የካውቦይ ፊልሞች የጀግና ባርኔጣ በቀላሉ አይወድቅም፤ የዘውጉ ወግ ነው። የጄፍሪስ ባርኔጣ ግን ከወግ ያለፈ ተግባር ነበረበት። ከሥሩ የተሸሸገው ጸጉር ለጥቁር ጀግና አይሆንም የተባለ ቡናማ ጸጉር ነበር። ከባርኔጣው በታች የሚታየውም ፊት ጠቆር እንዲል ቀለም የተቀባ ፊት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እናቱ የአይርላንድ ዘር ያላት ነጭ ሴት ነበረች። አባቱን አላወቀውም። የቆዳው ቀለም ፈካ ያለ በመሆኑ፣ በዚያ ዘመን አንዳንዶች እንዳደረጉት፣ ነጭ ነኝ ብሎ መኖር ይችል ነበር። እሱ ግን በጥቁሮች ኦርኬስትራ ውስጥ መዝፈንን መረጠ፤ በጥቁሮች ፊልም ውስጥ ለመጋለብም ፊቱን ለቀቢ ሰጠ። ይህ ጸሐፊ የሚያነሣው ጥያቄ ከዚሁ ከተቀባው ፊት ይጀምራል። በኮርቻው ላይ የተቀመጠውን ሰው መልክ በመለወጥ ብቻ የአንድ ኪነት ይዘት ይለወጣልን? ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ ብቻ አይደለም። የተጨቆነው ወገን በመድረክና በሸራ ላይ የራሱን ገጽ እንዲያይ የሚሻ ደራሲም ሆነ አዘጋጅ፣ የትም አገር ቢሆን፣ ሳይወድ በግድ የሚደርስበት ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ አንድ የተጣመመ ነገር መቃናት ይኖርበታል። ሆሊውድ በዓለም ዙሪያ ባሠራጨው ሥዕል መሠረት ካውቦይ ማለት ነጭ ሰው ነው። ታሪክ ግን እንዲህ አይልም። በ1865 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ ከቴክሳስ ተነሥተው ከብት ወደ ሰሜን የባቡር ጣቢያዎች ይነዱ ከነበሩት ሠራተኞች መካከል ከአራቱ አንዱ ያህል ጥቁር እንደነበር የታሪክ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። ይህም አያስደንቅም። በቴክሳስ ምድር በባርነት ከብት ሲጠብቁና ፈረስ ሲገሩ የኖሩ ሰዎች ነጻ ሲወጡ በእጃቸው የቀረው ሀብት ይኸው ሙያቸው ነበር። ሥራውም ቢሆን ፊልሙ እንደሚያሳየን የክብር ሥራ አልነበረም። አቧራ የሚያስቅም፣ እንቅልፍ የሚነሣ፣ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ የቅጥር ሥራ ነበር። ካውቦይ ማለት ባለ ርስት ጌታ ሳይሆን የሌላውን ሰው ከብት በደመወዝ የሚነዳ ወዛደር ነው። ሲኒማው ይህንን የመደብ እውነት በመጀመሪያ ደበቀ፤ የቆዳውን ቀለም መደበቅ ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነለት።

በቴነሲ በባርነት የተወለደው ናት ላቭ የካውቦይነት ዘመኑን ታሪክ ራሱ ጽፎ በ1907 አሳትሟል። ወይፈን ከፈረስ ላይ ዘሎ ቀንዱን ጠምዝዞ በመጣል ስሙ የገነነው ቢል ፒኬትም ጥቁር ነበር፤ ዛሬ በአሜሪካ የሮዴዮ ትርዒት ውስጥ መደበኛ ውድድር የሆነው የወይፈን ጠለፋ በእሱ ስም የሚታወቅ ጥበብ ነው። ፒኬት በ1920ዎቹ መባቻ ላይ ለጥቁር ተመልካች በተሠሩ ፊልሞች ላይ ራሱን ሆኖ ታይቷል። ነገሩ በዘፈንም ረገድ እንዲሁ ነው። በሜዳ ላይ ስላለ ቤት የሚዘምረውንና መላው ዓለም የካውቦይ መዝሙር አድርጎ የሚያውቀውን ዘፈን ግጥም በመጀመሪያ የጻፈው የካንሳስ ሐኪም ቢሆንም፣ ጆን ሎማክስ በ1910 ባሳተመው የካውቦይ ዘፈኖች መድብል አማካይነት የተሠራጨው ቅጂ የተቀዳው በሳን አንቶኒዮ ከተማ ከሚኖር ጥቁር የመጠጥ ቤት ባለቤት አንደበት ነው። ሰውየው ቀደም ሲል የከብት ነጂዎች ወጥ ቤት ነበር።

ስለዚህ ጄፍሪስን «የነጭን ባርኔጣ የተዋሰ ጥቁር» ብሎ የሚተች ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያየው። የተሰረቀ ፈረሱን ከሌባው ደጅ በኪራይ የወሰደ ባለቤት ቢባል ይቀርባል። ኪራዩ ግን ኪራይ ነው፤ ክፍያውም የሚቈረጠው በሌባው ነው።

ጄፍሪስ ወደዚህ ሥራ ስለገባበት ምክንያት በኋለኛው ዘመኑ ደጋግሞ ያወጋ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከፒያኖው ሊቅ ከኧርል ሃይንስ ኦርኬስትራ ጋር ወደ ደቡብ ክፍላተ ሀገር ሲዘዋወር፣ ጥቁሮች በተለየላቸው ሲኒማ ቤት ተሰልፈው የነጭ ካውቦይ ፊልም ሲመለከቱ ያያል። በሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ጥቁር ልጅ እያለቀሰ ያገኛል። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት የዘመኑን ዝነኛ ካውቦይ ቶም ሚክስን ልሁን ቢል፣ ቶም ሚክስ ጥቁር አይደለም ብለው ከልክለውታል። ታሪኩ በተደጋጋሚ ሲነገር እየተወለወለ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ድምፃውያን ስለራሳቸው ሲያወሩ ዜማውን ያሳምሩታል። ቢሆንም የልጁ ልቅሶ የሚገልጸው ረኀብ እውነተኛ ረኀብ ነበር። ስለ ፊልሞቹ የምንሰጠው ፍርድም ይህንን ረኀብ ካልቈጠረ ፍርደ ገምድል ይሆናል።

ረኀብ ባለበት ደግሞ ነጋዴ አይጠፋም። በዚያ ዘመን በደቡቡ የአሜሪካ ክፍል ጥቁር ተመልካች ወይ ወደ ሰገነት ይወጣል፣ ወይ በተለየለት ሲኒማ ቤት ይቀመጣል። ለእነዚህ ሲኒማ ቤቶች የሚሆኑ ፊልሞች ከ1910ዎቹ ጀምሮ በአነስተኛ ካፒታል ይሠሩ ነበር። እንደ ኦስካር ሚሾ ያሉ ጥቁር ደራሲዎችና አዘጋጆች በራሳቸው ጥረት ፊልም ሠርተዋል፤ የሚበዛው ገንዘብ ግን የነጭ ባለሀብቶች ነበር። በ1935 ጂን ኦትሪ ጊታሩን ይዞ ኮርቻ ላይ ከወጣ ወዲህ ዘፋኝ ካውቦይ ትርፋማ ሸቀጥ መሆኑ ታወቀ። ጄድ ቢዩል የተባለው ፕሮዲዩሰርም በ1937 «ሐርለም በሜዳው ላይ» የተባለውን ፊልም አወጣ። ዳይሬክተሩ ሳም ኒውፊልድ ነበር። ሁለቱ ሰዎች በማግሥቱ ዓመት ምን እንደሠሩ ማወቅ ለኀያሲ ትልቅ ብርሃን ይሰጣል። በ1938 ተዋናዮቹ በሙሉ ድንክ ሰዎች የሆኑበትን፣ በትናንሽ ፈረሶች የሚጋለብበትን የካውቦይ ፊልም አወጡ። እንግዲህ በገንዘቡ ባለቤት ዓይን ጥቁር ሰው በፈረስ ላይና ድንክ ሰው በትንሽ ፈረስ ላይ አንድ ዓይነት ነገሮች ነበሩ፤ ሁለቱም ትኬት የሚያስቈርጡ ጉዶች።

ልጁ ያለቀሰበት ነገርና ነጋዴው ያተረፈበት ነገር በአንድ የፊልም ጥቅል ላይ ተቀርጸዋል። አንዱን ከሌላው ለይቶ ማየት የእኛ የተመልካቾቹ ፋንታ ነው።

ተከታዮቹን ሦስት ፊልሞች፣ ማለትም «ባለ ሁለት ሽጉጡ የሐርለም ሰው» (1938)፣ «ነሐስማው ካውቦይ» (1939) እና «ሐርለም በግጦሹ ምድር ይጋልባል» (1939) የተባሉትን ያዘጋጀው ሪቻርድ ካን ነው። ስለ ቀረጻው ቦታ ጥቂት መናገር ተገቢ ይሆናል፤ ምክንያቱም ከድርሰቶቹ ይልቅ ቦታው ይበልጥ ይናገራል። ፊልሞቹ በካሊፎርኒያ በረሃ በቪክተርቪል ከተማ አጠገብ በሚገኝ የመዝናኛ እርሻ ላይ ተቀርጸዋል። የእርሻው ባለቤቶች መሪ የሚባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ነበሩ። በነጮች የመዝናኛ ስፍራ መግባት የተከለከለ ጥቁር ቤተሰብ ወደዚህ መጥቶ ፈረስ ይጋልብ፣ በዋና ገንዳ ይዋኝ ነበር። የቡጢው ሻምፒዮን ጆ ሉዊስም በ1937 በእንግድነት አርፎበታል። በሸራው ላይ ነጭ የሌለበት አገር ስናይ የደራሲ ቅዠት ይመስለናል፤ ካሜራው የቆመበት መሬት ግን በእውነትም የጥቁሮች ርስት ነበር።

አሁን ወደ ፊልሞቹ እንግባ። እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በጥቂት ገንዘብ መሠራታቸው ከእያንዳንዱ ትዕይንት ይነበባል። በመጨረሻዎቹ ሦስቱ ጄፍሪስ ቦብ ብሌክ የተባለ ካውቦይ ነው፤ ፈረሱ ስታርደስክ ይባላል። «አራቱ ቃናዎች» የተባሉት ድምፃውያን አብረውት ያዜማሉ። የ«ነሐስማው ካውቦይ» ታሪክ ቀላል ነው። ቦብ ብሌክ ወዳጁን ሊጠይቅ ሲመጣ ወዳጁ ጠፍቶ ያገኘዋል። በኋላም ጎረቤቱ የሆነ ባለ እርሻ በመሬቱ ሥር ወርቅ እንዳለ አውቆ ሊነጥቀው እንዳሤረ ይደርስበታል። «ሐርለም በግጦሹ ምድር ይጋልባል» በተባለው ደግሞ በወርቁ ፈንታ የራዲየም ማዕድን ገብቷል። ሴራው ያው ነው።

የድርሰቱ ድኽነት ግልጽ ሆኖ ሳለ አንድ ያልታሰበ ውጤት ከውስጡ ይወጣል። ሸሪፉም ጥቁር፣ ዘራፊውም ጥቁር፣ ባለ መሬቱም ጥቁር፣ አሳላፊውም ጥቁር ስለሆነ፣ በዚያ ዓለም ውስጥ ክፋት ከቆዳ ቀለም ጋር ሊያያዝ አይችልም። የክፋቱ መነሻ የሌላውን ሀብት ለመንጠቅ መፈለግ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የዘር ጉዳይ ከሥዕሉ ሲወጣ የንዋይ ጉዳይ ራቁቱን ቆመ ማለት ነው። አዘጋጁ ይህን አስቦበት አድርጎታል አልልም። ያም ሆኖ ዘወትር አገልጋይ፣ ፈሪና ሌባ ሆኖ መታየት ለሰለቸው ተመልካች፣ ክፋትም ቢሆን እንደ ሰው ክፋት ተቈጥሮ ማየት ትንሽ እፎይታ አልነበረም።

በሌላ ወገን ግን ጨቋኙን ከሥዕሉ ማውጣት ጨቋኙን ማሸነፍ አይደለም። ተመልካቹ ከሲኒማ ቤቱ ሲወጣ ሸሪፉ ነጭ ነው፤ አውቶቡሱ ላይ የሚቀመጥበት ወንበርም ከኋላ ነው። ፊልሞቹ ይህን አንድም ጊዜ አይነኩም። ከአራቱ አርእስት በሦስቱ ውስጥ «ሐርለም» የሚለው ስም የገባውም ለዚሁ ይመስላል። ታሪኩ የሚፈጸመው በምዕራቡ ሜዳ ሆኖ ሳለ የኒውዮርኩ ሰፈር ስም የተለጠፈው፣ ጥቁር የሚለውን ቃል ሳይጠሩ ዕቃው ለማን እንደሆነ ለመንገር ነው። ስሙ የገበያ ምልክት እንጂ የታሪኩ አካል አይደለም።

ከሁሉም የሚያሳዝነው የቀልደኛው ጓደኛ ጉዳይ ነው። በ«ነሐስማው ካውቦይ» ውስጥ ዳስቲ የተባለው የጀግናው አጋር፣ ድምፁን ከሆዱ አውጥቶ ከሌላ ስፍራ የመጣ በሚያስመስል አታላይ ተሸንግሎ፣ የምትናገር በቅሎ ገዛሁ ብሎ ይደሰታል። ትዕይንቱ ያስቃል፤ ተዋናዮቹም ሙያቸውን ያውቃሉ። ነገር ግን ሣቁ የመጣው ከየት ነው? ነጮች ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው የጥቁሮችን ሞኝነት ያሳዩበት ከነበረው ከአሮጌው የመድረክ ፌዝ የመጣ ነው። ጀግናው ክብር ተሰጠው፤ ክብሩ እንዲጎላ ግን ሌላው ወንድሙ እንደ ቀድሞው መሣቂያ ሆኖ ቀረ። ይህ ጸሐፊ እንደ ተውኔት ደራሲ ይህን ሲያይ በሌላው ላይ ብቻ ጣቱን ሊቀስር አይቻለውም። እኛም ከ1966ቱ አብዮት (በኛ አቆጣጠር) በኋላ፣ ባላባቱ ይቀመጥበት የነበረውን የመድረክ ወንበር ለወዛደሩ ሰጥተን፣ አነጋገሩን ግን ያንኑ የባላባቱን ግርማ አስይዘን የተውንባቸው ተውኔቶች አሉን።

ከአራቱ የተሻለው «ባለ ሁለት ሽጉጡ» ነው። ቦብ ብሌክ ባልፈጸመው ግድያ ይከሰስና ወደ ሐርለም ይሸሻል። በዚያም «ዲያቆኑ» የሚሉት፣ መልኩ ቁርጥ እሱን የሚመስል ወሮበላ መኖሩን ያውቃል። ከዚያም ራሱን በወሮበላው አስመስሎ፣ እውነተኛውን ገዳይ ለማጋለጥ ወደ ሜዳው ይመለሳል። ሁለቱንም የተጫወተው ጄፍሪስ ነው። ፊቱ የተቀባ ተዋናይ፣ ሌላ ሰው መስሎ የሚቀርብ ሌላ ሰው ሆኖ ሲጫወት እናያለን። ጄፍሪስ ታላቅ ተዋናይ አልነበረም፤ ንግግሩ ይቸኩላል፤ እጁን የት እንደሚያኖር አንዳንድ ጊዜ ይጠፋዋል። በዚህ መንታ ሚና ላይ ግን ከሌሎቹ ይልቅ የተደላደለ ይመስላል። ጭምብል መልበስ ለእሱ አዲስ ትምህርት አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ስለሚታየው ነገር ነው። የሚሰማው ግን ሌላ ነው፤ ፊልሞቹን ከመረሳት ያዳናቸውም እሱ ነው። ቦብ ብሌክ አፉን ከፍቶ ሲያዜም የከብት ጠባቂ ጩኸት አይደለም የምንሰማው። በቺካጎ የምሽት ክበቦች የተገራ፣ ከታላላቅ ኦርኬስትራዎች ጋር የተፈተነ የከተማ ድምፅ ነው። ጄፍሪስ በ1934 ከሃይንስ ኦርኬስትራ ጋር ሸክላ ሲያስቀርጽ በከፍተኛው የወንድ ድምፅ ያዜም ነበር፤ ወደ ዝቅተኛውና ወደ ለስላሳው የወረደው ከጊዜ በኋላ ነው። በፊልሞቹ ውስጥ በሽግግሩ መካከል እናገኘዋለን። ድርሰቱ «እኔ የሜዳ ሰው ነኝ» ሲል፣ ድምፁ የደቡቡን እርሻ ትቶ ወደ ሰሜኑ ፋብሪካ የተሰደደውን ሕዝብ ታሪክ ይናገራል። «ሐርለም» የሚለው ስም ከአርእስቱ ወርዶ ወደ ታሪኩ መግባት የተሳነውን ያህል፣ ድምፁ ያለ ማንም ፈቃድ ገብቶ ተቀመጠ።

የካውቦይ ዘፈንና ጃዝ አብረው አይሄዱም የሚል ካለ አንድ ነገር ላስታውሰው። በሐምሌ ወር 1930 በሆሊውድ ከተማ፣ የነጭ ገጠሬዎች ዘፈን አባት የሚባለው ጂሚ ሮጀርስ ከነዝነኛው እየተቆራረጠ ከሚወጣ እንጉርጉሮው ጋር አንድ ብሉዝ ሲያስቀርጽ፣ ጥሩምባውን የነፋለት ሉዊ አርምስትሮንግ፣ ፒያኖውን የመታችለትም ሊል ሃርዲን ነበረች። በሸክላው ላይ የአጃቢዎቹ ስም አልተጻፈም። ሁለቱ ዘፈኖች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ የተለያየው ለገበያ የወጡበት በር ነው።

በ1940 ዱክ ኤሊንግተን ጄፍሪስን በኦርኬስትራው ውስጥ ቀጠረው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር መጨረሻ «ፍላሚንጎ» የተባለውን ዘፈን አስቀረጹ። ዘፈኑን ለኦርኬስትራው ያቀናበረው ቢሊ ስትሬይሆርን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ልማድ ኦርኬስትራው ይጫወታል፣ ድምፃዊው ተነሥቶ አንድ ዙር ያዜማል፣ መልሶ ይቀመጣል። ስትሬይሆርን ይህን ልማድ ሰበረው። ድምፁ ከመግባቱ በፊት ኦርኬስትራው የቃናውን ምድር ያዘጋጅለታል፤ ድምፁ ከገባም በኋላ መሣሪያዎቹ አጅበው ብቻ አይከተሉትም፤ ይመልሱለታል፣ ይቀድሙታል፣ አንዳንዴም ይሸፍኑታል። ጄፍሪስ ቃሉን ጨርሶ ያለ ቃል በድምፁ ብቻ ከመሣሪያዎቹ ጋር የሚነጋገርበት ቦታ አለ። ይህ ጸሐፊ ያንን ቦታ ስንት ጊዜ እንደሰማው አይቈጥረውም። ኤሊንግተን ራሱ ይህን ሥራ ለድምፃዊ በሚጻፍ የኦርኬስትራ ቅንብር ላይ አዲስ ምዕራፍ ከፋች አድርጎ ይመለከተው ነበር። በፊልሞቹ ውስጥ ይዘቱ አዲስ ሊሆን ሲጥር ቅርጹ አሮጌ ሆኖ ያዘው፤ በ«ፍላሚንጎ» ግን የዘፈኑ ቃል ተራ የፍቅር ቃል ሆኖ ሳለ፣ አዲሱ ነገር በቅርጹ በኩል ገባ። ይዘትና ቅርጽ እያልን ስንከራከር ይህን ዓይነቱን ምሳሌ ባንዘነጋው መልካም ነው።

በ1941 በሐምሌ ወር ኤሊንግተን በሎስ አንጀለስ ከተማ በማያን ቲያትር «በደስታ ዝለል» ልንለው የምንችለውን የሙዚቃ ትርዒት አቀረበ። የትርዒቱ ዓላማ በግልጽ የታወጀ ነበር፤ ጎንበስ ቀና የሚለውን የ«አጎት ቶም»ን ገጸ ባሕርይ ከአሜሪካ መድረክ ማባረር። ለ12 ሳምንታት ያህል ታየ። ጄፍሪስም ከድምፃውያኑ አንዱ ነበር። ከትርዒቱ ገንዘብ ካወጡት ሰዎች መካከል አንዱ ዝነኛው የፊልም ተዋናይ ጆን ጋርፊልድ ነው። ጄፍሪስ እንዳወጋው ከሆነ፣ ጋርፊልድ ድምፃዊው ከሌሎቹ ጋር ሲታይ በጣም ነጣ ስላለበት ፊቱን ጠቆር አድርጎ እንዲቀባ አዘዘ። ጄፍሪስ ተቀብቶ መድረክ ላይ ወጣ። ኤሊንግተን ይህን ሲያይ ፊቱን በማጥቆር ስሙ በወጣው በነጩ ዘፋኝ በአል ጆልሰን መስሎ ተሣለቀበት፤ ቀለሙም በዚያው ተጠረገ።

በ1937 ነጋዴው አስቀባው፤ በ1941 አርቲስቱ አስጠረገው። ጋርፊልድ ጠላት አልነበረም፤ በፖለቲካ አቋሙ ተራማጅ የሚባል፣ በኋላም በዚሁ ምክንያት የተሰደደ ሰው ነበር። ክፉ ሐሳብም አልነበረውም፤ ትርዒቱ ስለ ጥቁር ሕዝብ ስለሆነ የሚታየው ሰው ሁሉ በማያሻማ ሁኔታ ጥቁር እንዲሆን ፈለገ እንጂ። ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። ሕዝብን የሚወክል ገጸ ባሕርይ ሲፈልግ ሕዝቡ ራሱ ከሚመስለው ይልቅ በአእምሮው ያለውን ሥዕል መረጠ። ኤሊንግተን ግን ጥቁርነት በቀለም ጣሳ ውስጥ እንደማይገኝ ያውቅ ነበር። እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ፣ ከነጭ የማይለዩ እስከ ድቅድቅ ጥቁር ድረስ ያሉ ሰዎች አንድ ሕዝብ የሚሆኑት በኖሩት ኑሮና በዘፈኑት ዘፈን መሆኑን በኦርኬስትራው ውስጥ በየምሽቱ ያየው ነበር።

እዚህ ላይ የእኛ ስም የሚነሣበት አንድ ነገር አለ። ጄፍሪስ በስተርጅናው በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ይናገር ነበር። ከጥቁሮች ኦርኬስትራ ጋር ለመሥራት ያስቻለኝ ያ ጥቂት ደም ነው እያለም ይቀልድ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ «የኛ ነው!» ብለን ብድግ ማለት ይቀናናል። ይህ ጸሐፊ ግን ቁጭ ማለትን ይመርጣል። ጄፍሪስ ስለ ዘሩ በተለያየ ጊዜ የተለያየ ነገር የተናገረ ሰው ነው፤ ዕድሜውን እንኳ በወጣትነቱ ሥራ ለማግኘት ሲል ጨምሮ ይናገር ነበር። ደግሞም በአሜሪካ ምድር «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ስም የራሱ ታሪክ አለው። በ1840ዎቹ ፊታቸውን በቡሽ ከሰል አጥቁረው የሚዘፍኑ አንድ የነጮች ቡድን «ኢትዮጵያን ሰሬናደርስ» ተብለው ይጠሩ ነበር፤ በ1844 በነጩ ቤተ መንግሥት ቀርበው ተጫውተዋል። ስማችን በዚያ የመድረክ ገበያ ላይ የጭምብል ስም ነበር። ከ1935 በኋላ ደግሞ፣ ፋሺስት ኢጣሊያ በወረረን ጊዜ፣ ያው ስም በሐርለምና በቺካጎ አደባባዮች የክብር ጥሪ ሆኖ ተሰማ። ሰው ራሱን «ኢትዮጵያዊ ደም አለኝ» ሲል ከነዚህ ከሁለቱ የትኛውን ስም እየጠራ እንደሆነ ሳናውቅ፣ የትውልድ ሐረጉን መዝዘን ወደ ቤታችን ለማስገባት መቸኰል አይገባንም። ደሙ ባይሆን እንኳ ስሙን መምረጡ ራሱ ሊጤን የሚገባው ነገር ነው።

ለነገሩ የዚያን ድምፅ ቤት ያቀናው ሰው አገራችንን በእግሩ ረግጧል። ኤሊንግተን በ1973 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ተጫውቷል፤ ሙላቱ አስታጥቄም በዚያን ጊዜ አብሮት ነበር። ጄፍሪስ ከኦርኬስትራው ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበርና አብሮ አልመጣም።

ከዚህ በኋላ የጥቁሩ ካውቦይ ጉዳይ በሌሎች እጅ ገባ። በ1957 ሶኒ ሮሊንስ በሳክስፎን፣ በባስና በከበሮ ብቻ፣ ያለ ፒያኖ፣ የካውቦይ ዜማዎችን የተጫወተበትን ሸክላ አወጣ፤ በሽፋኑ ላይ ባርኔጣ ደፍቶ በበረሃ ቆሞ ይታያል። የለበሰውን እያወቀ የለበሰ ሰው ሥዕል ነው። በ1972 ሲድኒ ፖይቲየር ራሱ ያዘጋጀውና ከሐሪ ቤላፎንቴ ጋር የተጫወተበት ፊልም፣ ነጻ የወጡት ሰዎች ወደ ምዕራብ ሲሰደዱ የደረሰባቸውን አሳደደ፤ ጄፍሪስ የሌለ ያስመሰለውን ጨቋኝ ወደ ሥዕሉ መለሰው። በ1974 በወጣ አንድ አስቂኝ ፊልም ውስጥ ደግሞ ጥቁሩ ሸሪፍ በበረሃ ሲጋልብ ካውንት ቤዚን ከነሙሉ ኦርኬስትራው አሸዋ ላይ ተቀምጦ ሲጫወት ያገኘዋል። ተመልካች የሚስቀው ጃዝ በዚያ ቦታ ምን ይሠራል ብሎ ነው። ከ37 ዓመት በፊት ግን አንድ ሰው ይህንኑ ያለ አንዳች ቀልድ አድርጎት ነበር።

ያ የካሊፎርኒያው እርሻ በ1955 ዘፋኟ ፐርል ቤይሊና ባለቤቷ ሉዊ ቤልሰን ገዙት፤ ቤልሰን በኤሊንግተን ኦርኬስትራ ከበሮ መቺ የነበረ ነው። ጄፍሪስ በ1995፣ ዕድሜው ከ80 ካለፈ በኋላ፣ ወደ ካውቦይ ዘፈን ተመልሶ አንድ አልበም አስቀርጿል፤ በግንቦት ወር 2014 በ100 ዓመቱ ካሊፎርኒያ ውስጥ አረፈ። ድምፁ በ1995ቱ ሥራ ላይ ሻካራ ቢሆንም አልተሰበረም።

በየትምህርት ቤቱና በየኪነት ክበቡ እነዚህን ፊልሞች ለማሳየት የሚፈልግ መምህር ቢኖር፣ አራቱን በሙሉ ማሳየት ተመልካቹን ማሰልቸት ነው። «ባለ ሁለት ሽጉጡ»ን ብቻ ይምረጥ፤ የበቅሎዋን ትዕይንት ግን ከ«ነሐስማው» ቈርጦ ያስቀድም፤ ተመልካቹ ይሣቅ፤ ስለሣቀበትም ነገር ይጠየቅ። ፊልሙ ሲያበቃ መብራቱን ሳያበራ «ፍላሚንጎ»ን ያሰማ።